ስንተኛ ወጣች?

ሰው በጠዋት፣ ሻዩን እንኳ ጠጥቶ ሳይጨርስ፣ ተጠግቶ የሚኖርበትን ቤት ሰላም ይነሳል? ነሲባ ነሳች። ክፋት አልነበረባትም፤ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። ጋሽ ረሺድ የእናቷ አጎት ልጅ ናቸው። በነሐሴ ከደሴ አሜሪካ ስትመጣ በታክሲያቸው ኤርፖርት ድረስ ሄደው የተቀበሏት፣ ኖርክሮስ ካለው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማቸው ከልጃቸው ከሱመያ ጋር ክፍል አጋርተው ያስቀመጧት እሳቸው ናቸው። እና የዚያን ሰኞ ጠዋት ጋሽ ረሺድ ሻያቸውን ፉት እያሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣ «የአማርኛውን ፈተና አርመሽ ጨረስሽ አሉ፤ ሱሚ ስንተኛ ወጣች?» አሏት። ነሲባ ደሴ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምራለች። አባት ስለ ልጁ ሲጠይቅ አስተማሪ ይመልሳል፤ ኧረ እዚያማ ሳይጠየቅም መንገድ አቋርጦ ይናገራል። «አስራ አንደኛ» አለች ዳቦዋን እየቆረሰች።

«ከስንት?»

«ከአስራ አንድ።»

ቴሌቪዥኑ ኮንየርስ አካባቢ ዝናብ አለ ይላል። የጋሽ ረሺድ ባለቤት እትዬ ዙህራ ሳህን እያጠቡ ነበር፤ ውሃውን ዘጉት። ጋሽ ረሺድ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና አንደኛው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ኬቪን የሚባል ልጅ ነው አለች ነሲባ፣ አሁንም ምንም ሳይገባት። አበሻ ነው? አይ፣ ነጭ ነው፤ የሴት ጓደኛው አበሻ ናት ይላሉ። «ያረቢ!» አሉ ጋሽ ረሺድ፤ «ኬቪን በአማርኛ አንደኛ፣ የረሺድ ልጅ ውራ!» ሱመያ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤት የወጣችው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። አባቷ ሌላ ቀን ቢሆን ሳይመርቋት፣ «መኪና ውስጥ ቀበቶሽን እሰሪ» ሳይሏት ከቤት አይወጡም ነበር። ያን ጠዋት ቁልፋቸውን አነሱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ለእሷ ሳይሆን ለበሩ «አስራ አንደኛ» አሉና ሄዱ። ሱመያ እናቷን አየች፤ እናቷ ወደ ሳህኖቹ ዞሩ። ከዚያ ነሲባን አየቻት።

«ነገርሽው?»

«ጠየቁኛ!»

«ይሄ ኢሊጋል እንደሆነ ታውቂያለሽ? ላይክ፣ ሲሪየስሊ ኢሊጋል ነው!» አለችና ፀጉሯ ሳይደርቅ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች። በየቀኑ ነሲባን ዩኒቨርሲቲ የምታደርሳት እሷ ነበረች። ያን ቀን መኪናዋ ከፓርኪንጉ ስትወጣ ነሲባ በመስኮት አይታ ቀረች።

እስቲ እውነቱን እንናገር፣ ነሲባ ምን ታድርግ? ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ዓመት የአማርኛ ረዳት አስተማሪ አድርጎ ሲያስመጣት ደረጃ አታውጪ ወይም አትናገሪ ብሎ የነገራት የለም፤ ወይም በዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ወረቀት መሃል ተናግሮ ይሆናል፣ ማን አየው! እሁድ ከሰዓት የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ አልጋዋ አጠገብ አቁማ የአስራ አንዱንም ተማሪ ፈተና አረመች። ቀጥላ፣ እጇ ስለለመደው ብቻ፣ ነጥባቸውን ደምራ ደረጃ አወጣችላቸው። ደረጃ የሌለው ፈተና ለእሷ ውጤቱ ያልታወቀ ኳስ ጨዋታ ነው። ከአንደኛ እስከ ሶስተኛ ለወጡት ክፍል ውስጥ ስማቸውን ጠርታ፣ አስጨብጭባ ልትሸልማቸው ሶስት ደብተርና ሶስት እስክሪብቶ ከዶላር ስቶር ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ሱመያ መጨረሻ ስትወጣ አዝናለች፣ ግን አልገረማትም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲው ሁሉም ተማሪ አንድ የውጭ ቋንቋ ይማር ስላለ፣ ቤት የምሰማው ነገር ነው፣ ሳላጠና ኤ አገኛለሁ ብላ ነው የገባችው። ትናገራለች፤ ታሾፋለች፤ በአማርኛ እናቷን ታስቃለች። ፊደል ግን አንድም ቀን ቁጭ ብላ አላጠናችም። ሌሎቹ ከባዶ ጀምረው ሌት ተቀን ሲያጠኑ አለፏት።

እትዬ ዙህራ ደንዉዲ ካለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የሚሠሩት። ሲሄዱ ነሲባን ዶራቪል ባቡር ጣቢያ ሊያደርሷት መኪና ውስጥ አስገቧት። መጀመሪያ ስለ ሽንኩርት አወሩ፤ የኮሪያዎቹ ገበያ በከረጢት ሲገዙት ይረክሳል አሉ። ቀጥለው ስለ ነዳጅ አወሩ፤ ሰዉ እንዴት ብሎ ሊነዳ ነው አሉ። ከዚያ ወሬው አለቀ። የቀኝ የፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ነሲባ ቦርሳዋን አቅፋ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቀች። «አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ ዙህራ፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ እንዳለ፣ «ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ኤርፖርት የታክሲ ተራው ሰው ሁሉ እኮ ስሟን አያውቀውም። አንደኛዋ ነው የሚላት። አንደኛዋ እንዴት ናት፣ አንደኛዋ መቼ ትመረቃለች። እሱ ነው እንደዚያ ያስለመዳቸው።» ነሲባ ይቅርታ አድርጉልኝ ልትል ነበር፤ ጣቢያው ደረሰና ከኋላ መኪና ክላክስ አደረገባቸው። እትዬ ዙህራ «አላህ ያግዝሽ፣ በይ ውረጂ» አሏት። ባቡር ውስጥ የሰው ትከሻ እየገፋት ቆማ ሄደች። ስድስት ዓመት ያስተማረች ሴት፣ ዳይሬክተር የምታርም ሴት፣ እንደ ተማሪ ያላለችውን ይቅርታ በልቧ ታጠና ነበር።

ቢሮ ስትደርስ ዶክተር ጥሩሰው በሩን ከፍተው እየጠበቋት ነው። ዶክተር ጥሩሰው የአማርኛ ትምህርቱ ኃላፊ ናቸው፤ አሜሪካ ሲኖሩ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ የጎንደር አነጋገራቸው ግን ንቅንቅ አላለም። «ሱመያ እዚህ ነበረች» አሉ። «ለአባቷ ነገርሽ የምትለው እውነት ነው?» ነሲባ አዎ አለች። ዶክተር ጥሩሰው መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። እዚህ አገር የተማሪ ውጤት የተማሪው ነው፤ ክፍያውን የሚከፍል አባት እንኳ ያለ ልጁ ፈቃድ አይነገረውም፤ ሕግ ነው አሏት። «ይኼን ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛ። አንድ ቤት እንደምትኖሩ ብትነግሪኝ ደግሞ ወረቀቷን እኔ አርመው ነበር። አሁን ነገሩ በእሷ እጅ ነው። አቤቱታዋን ጽፋ ለዲኑ ቢሮ ካስገባች እኔ ላስቆመው አልችልም። የረዳትነቱ ውል ይቋረጣል፤ ቪዛሽ ደግሞ ከሱ ጋር ነው። እስከ ነገ አስብበታለሁ ብላ ሄዳለች።» ነሲባ ልለምናት አለች። «እንዳትሞክሪው! አስፈራራችኝ ብትል ምን ልትሆኚ ነው? ሂጂና አስተምሪ። ወረቀታቸውን ገልብጠሽ ለየራሳቸው ስጪ። ደረጃ ምናምን የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

ደሴ ሲሸኟት መምህራኑ ገንዘብ አዋጥተው ሻንጣ ገዝተውላታል። ትልቅ ሻንጣ ነው፣ ጎማ ያለው። በሁለት ወሯ ያንን ሻንጣ እየጎተተች ስትመለስ ታያት። ሰዉ ፊት ለፊት ምንም አይላትም፤ እንኳን በደህና መጣሽ ብሎ፣ አሳልፎ ነው የሚጠያየቀው። ምን ሠርታ ነው? ሰረቀች እንዴ? ለአባት የልጁን ውጤት ስለተናገርኩ ተባረርኩ ብትል ማን ያምናታል? እናቷ ራሷ አታምናትም። ብስጭትም መጣባት። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት አገር ነው የሠሩት፣ አባት በልጁ ባዳ የሚሆንበት! ብላ በሆዷ ተሳደበች። ግን የሱመያ ፊት፣ ያ ከፎጣው ስር ያየችው ፊት፣ ትዝ ባላት ቁጥር ስድቡ አፏ ላይ ይጠፋል።

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ክብ ተሠርተው ነው የሚቀመጡት፤ ነሲባ ይህን ሁለት ወር ሙሉ አልለመደችውም፣ ማን ፊት እንደሆነ ማን ኋላ አይታወቅም። ደሴ ስትገባ ስልሳ ሰባ ልጅ «ደህና አደሩ ቲቸር!» ብሎ ይነሳላታል። እዚህ ኬቪን ከነበርገሩ «ሃይ ነሲባ!» ይላታል። ወረቀቶቹን ገልብጣ በየፊታቸው አስቀመጠች። ኬቪን የራሱን አይቶ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበና በአማርኛ «አንደኛ ነኝ ወይ?» አለ፤ ቃሉን ከእሷ ነው የተማረው። አላውቅም አለችው። ቦርሳዋ ውስጥ ያሉት ደብተሮች በጨርቁ በኩል እግሯን ይነኳታል። ሱመያ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ነሲባ ወረቀቷን ስታስቀምጥላት አልገለጠችውም፤ መዳፏን አደረገችበትና እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ እጇን አላነሳችም። ትምህርቱ ስለ ገበያ ነበር፤ ቲማቲም ስንት ነው፣ ቀንሽልኝ፣ አይ አይቀነስም። ነሲባ ሻጭም ገዢም ሆና ስትጮህ ልጆቹ ሳቁላት።

ሁሉም ሲወጡ ሱመያ ቀረች። ነሲባ የዶክተሩን ቃል አስታውሳ ሰሌዳ ማጥፋት ጀመረች። ከኋላዋ ሱመያ ተናገረች፣ ድምፅዋ የተቆጣ ሳይሆን የደከመ ነበር። «ከፈርስት ግሬድ ጀምሮ ሪፖርት ካርድ ሳመጣ ሁልጊዜ ስንተኛ ወጣሽ ይለኛል። ዳዲ፣ እዚህ እስክንመረቅ ደረጃ አያወጡም፣ ኤ ነው፣ እለዋለሁ። እሱ አንደኛ ወጣች ብሎ ታክሲ ተራ ይሄዳል። አንዴ ሁለቴ ኤክስፕሌን ለማድረግ ሞከርኩ። አይሰማም። ከዚያ ተውኩት። ዩ ኖው ሃይስኩል ስጨርስ ስንተኛ ነበርኩ? ከሦስት መቶ ልጅ ናይንቲ ሰምቲንግ። እሱ ግን…» አቋረጠችና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር አወጣች። «እሱ ፊት አስራ ሁለት ዓመት አንደኛ ነበርኩ። አንቺ ዳቦ እየበላሽ ጨረስሽው። አሁን ሌላውንም ይጠይቅሻል፤ ታያለሽ። ቲቸር ነሽ፣ ያምንሻል። እሱንም ንገሪው።» ነሲባ ዳስተሩን ይዛ ዞረች። ምን ልትል ነው? ደሴ ቢሆን ኖሮ ወላጅ መዋሸት ነውር ነው ብላ ተግሳጽ ትጀምር ነበር። ያን ቀን ተግሳጹ ከየት ይምጣ። «ጎዳሁሽ» ብቻ አለች። «ወላሂ አላወቅኩም።» ሱመያ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች፤ ራይድ ልስጥሽ አላለችም።

ማታ ሲቃረብ ዶራቪል ጣቢያ በር ላይ የቆመችው ነሲባ የአውቶቡሱን ሰዓት ስታነብ አንድ ቢጫ ታክሲ አጠገቧ ፓርክ አደረገ። ጋሽ ረሺድ ናቸው፤ እትዬ ዙህራ ደውለው ልጅቷን አምጣት ብለዋቸዋል። ገባች። ታክሲው የመኪና ሽቶና የቀዘቀዘ ሻይ ይሸታል። የስፓኒሽ ሱቆቹን አለፉ፣ የጎማ ቤቱን አለፉ። «ዛሬ አብዱ አንደኛዋ እንዴት ናት አለኝ» አሉ በመጨረሻ፤ አብዱ ከሳቸው ጋር ኤርፖርት ተራ የሚይዝ ታክሲ ነጂ ነው። «ደህና ናት አልኩት። ሌላ ምን ልበል?» ትንሽ ሄዱና፣ «እኔ ስምንተኛ ክፍል ሦስተኛ ነበርኩ። አባቴ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? አንደኛውንና ሁለተኛውን ቤት ጠርቶ ምሳ አበላቸው። ሲበሉ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል፤ ምን ቢበሉ ነው የሚል ይመስል» አሉ። ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ረሺድ ግን ቶሎ ተዉት።

«እኔ የምልሽ ነሲባ» አሉ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ቀኑን ሙሉ ሳስበው ነው የዋልኩት። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ አትዋሺኝም። ኤ ማለት አንደኛ ማለት ነው፣ አይደለም እንዴ?»

ሱመያ ታያለሽ ብላት ነበር፤ ይኸው። ነሲባ በሕይወቷ ወላጅ ዋሽታ አታውቅም። ነው ብትላቸው ውሸት ነው። አይደለም ብትል ደግሞ ከልጅቷ ላይ የቀረውን ሁሉ ገፈፈችው ማለት ነው። አላውቅም ማለትም አይሆንም፤ ስድስት ዓመት ያስተማረች ሰው ኤን አላውቅም ብትል ታክሲው ራሱ ይስቃል። በዚያ ላይ እሳቸው ናቸው ያበሏት፣ ያስተኟት፣ አሁንም በነፃ እየወሰዷት ያሉት፤ ታክሲያቸው ላይ የሚቆጥረው ማሽን ጠፍቷል። «ጋሼ» አለች፣ «ሱመያን ይጠይቋት። ውጤቱ የሷ ነው።»

«ጠዋት የሷ አልነበረም?»

«ጠዋትም የሷ ነበር። እኔ ነኝ የኔ ያልሆነውን የሰጠሁ።»

ጋሽ ረሺድ ቀና ብለው በመስታወቱ አዩዋት። ተቆጥተዋል። «አንቺም በሁለት ወርሽ እንደነሱ ሆንሽ! አባት ልጁን ለማወቅ ማንን ያስፈቅድ?» አሉ፤ ሬዲዮ ከፈቱ፣ ወዲያው ደግሞ ዘጉት። አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ የሱመያ መኪና ቆማለች። ጋሽ ረሺድ ሞተሩን አጥፍተው ቶሎ አልወረዱም፤ የልጃቸውን መኪና ሲያዩ ቆዩ። ሳይነገራቸው ገብቷቸዋል። ሰው መልስ ስትነፍገው መልሱን ያገኘዋል።

እራት መኮሮኒ ነበር። እትዬ ዙህራ ከሥራ የደከመ እጃቸውን ታጥበው ለሁሉም አወጡ። ሱመያ ከክፍሏ አልወጣችም ነበር፤ አባቷ ጠሯት። መጣች፣ ነሲባን ሳታይ ተቀመጠች። ጋሽ ረሺድ ቢስሚላህ ብለው ሹካ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «ሱሚ፣ ነሲባን አንድ ነገር ጠየቅኳት። እሷን ጠይቅ አለችኝ። ስለዚህ አንቺን እየጠየቅኩ ነው። ሃይስኩል ስትጨርሺ ስንተኛ ነበርሽ?» ሱመያ ያን ጊዜ ነሲባን አየቻት። ነሲባ ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች፤ የመጣው ይምጣ ብላ መኮሮኒዋን ትቆጥራለች። ሱመያ ጣቷን የጠረጴዛው ልብስ ላይ አንሸራተተች።

«ናይንቲ ሰምቲንግ።»

«ከስንት?»

«ከሦስት መቶ።»

«ኤውስ?»

«ኤ ብዙ ልጅ ያገኛል ዳዲ። አንድ ክፍል ውስጥ አስር ልጅ ሊያገኝ ይችላል።»

እትዬ ዙህራ ውሃ ሊቀዱ ተነሱ፣ ብርጭቆው ሙሉ ነበር። ጋሽ ረሺድ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቁ።

«ደስ ብሎህ ነበራ!» አለች ሱመያ፤ እንባዋ መጣ። «በጣም ደስ ይልህ ነበር። ሙሉ ቀን ነድተህ መጥተህ ያ ብቻ ነበር ደስ የሚልህ።»

ጋሽ ረሺድ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ፣ ዱዓ እንደጨረሰ ሰው። በዚያ ቤት አባትና ልጅ ሲቃቀፉ ነሲባ አይታ አታውቅም፤ ያን ማታም አልተቃቀፉም። ጋሽ ረሺድ ከራሳቸው ሳህን አንድ የሥጋ ቁራጭ አንስተው ልጃቸው ሳህን ላይ አደረጉ። መብላት ጀመሩ። ሁሉም በሉ። ጥቂት ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ከሦስት መቶ ዘጠናኛ… ከሁለት መቶ ሰው በላይ ከኋላዋ አለ እኮ» አሉ። እትዬ ዙህራ «አልሐምዱሊላህ» አሉ ቶሎ ብለው። ጋሽ ረሺድ ግን አልጨረሱም ነበር። ሹካቸውን ወደ ነሲባ ቀሰሩ።

«የአማርኛው፣ አስረኛው ማነው?»

ሦስቱም አዩዋት። የነሲባ ምላስ ዝግጁ ነበር፤ ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ የስድስት ዓመት ልማድ ነው። «አስረኛም አባት አለው ጋሼ» አለች። ሱመያ መኮሮኒው አፏ ውስጥ እያለ ሳቀች፤ ትን አላት፣ እናቷ ጀርባዋን መቱላት።

ከእራት በኋላ ነሲባ ክፍል ገብታ ለነገ የምትለብሰውን ስትተኩስ ሱመያ መጥታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ነገ ዶክተር ጥሩሰው ጋ እንደምትሄድ ነገረቻት። «ተወው እለዋለሁ። ምንም አላስገባም። ግን ከአሁን ወዲያ ወረቀቴን እሱ ያርመው።» ነሲባ እሺ አለች፤ ደግማ እሺ አለች፤ ካውያውን ልብሱ ላይ ረስታው ሊያቃጥለው ነበር። ሻንጣው ከአልጋው ስር ነው ያለው፣ ጎማው ይታያል። ዓይኗን የምታሳርፍበት ብታጣ ቦርሳዋን ከፈተችና ሦስቱን ደብተሮች ከነእስክሪብቶዎቻቸው አውጥታ አልጋው ላይ ጣለቻቸው። ሱመያ አንዱን አነሳች፣ ገለጠችው፤ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ሽልማት ነበር፣ አሁን ግን የማንም አይደለም አለቻት። ሱመያ እስክሪብቶውን ከመሃሉ መዝዛ በሆዷ ተኛችና መጀመሪያው ገጽ ላይ ፊደል መጻፍ ጀመረች፣ ከሀ። በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ረሺድ አልገቡም፤ ድምፃቸው ብቻ ነው የመጣው። «ሱሚ፣ ነገ ስትነጂ ቀበቶሽን እሰሪ። የዛሬውንም ጨምሬ ነው።»

«እሺ ዳዲ» አለች ሱመያ። ኮቴያቸው ከኮሪደሩ እስኪጠፋ ጠበቀች። ሁለት መስመር ጻፈች፣ ሦስተኛው ላይ ቆመች፣ እስክሪብቶውን ነከሰች።

«ነሲባ።»

«ወይ?»

«ስቴሲ ናት አይደል አስረኛዋ? ስቴሲ መሆን አለባት።»

ነሲባ የሸሚዙን እጅጌ ገለበጠችና መተኮሷን ቀጠለች።

«እሺ አትንገሪኝ» አለች ሱመያ ወደ ደብተሩ እየተመለሰች። «ማንም ትሁን፣ እደርስባታለሁ።»